ከግራ የሚጀምሩ ወንዶች

ሰው ሲተዋወቀኝ ሥራዬን ይጠይቃል። ውዝዋዜ አስተምራለሁ ስለው መጀመሪያ እግሬን ያያል፣ ከዚያ ወገቤን፣ ቀጥሎ ያቺን ጥያቄ ያመጣታል። «ወንዶቹንም አንቺ ነሽ የምታስተምሪያቸው?» ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይቺን ጥያቄ ሰምቻለሁ። ድሮ ድሮ እከራከር ነበር። ትከሻ ያው ትከሻ ነው፣ ከበሮው ሴትና ወንድ አይለይም፣ እያልኩ እዘረዝራለሁ። አሁን አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ቀኝ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል፣ ክርክሩም ሰልችቶኛል። «አዎ፣ እኔው ነኝ» ብዬ ዝም እላለሁ።

የሴት ልጆች እናቶች ሴት መሆኔን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። «እፎይ፣ ሴት ናት» ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የወንዶቹ አባቶች ግን ሌላ ናቸው። ዓለም ባንክ ሰፈር የግንባታ ዕቃ የሚሸጡ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጥተው፣ እዚያው ልጁ ፊት፣ «እንደ ሴት እንዳይውረገረግብኝ አደራ» አሉኝ። «ልክ እንደ እርስዎ አድርጌ ነው የምመልስልዎት» አልኳቸው። ሆዳቸውን ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ግን ከሁለት እሁድ በኋላ ቀረ። ምን ላድርግ።

የማስተምርበት ቤት ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ታክሲ ወርዶ ወደ ውስጥ አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ የእድር አዳራሽ ነው። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ከኋላው ግድግዳ ሥር ይቀመጣል፣ የድንኳኑ ብረቶች ጥግ ላይ ተደግፈዋል፣ ትልልቆቹ ድስቶች ደግሞ በሩ አጠገብ ተደራርበዋል። ሰው ከሞተ ትምህርት የለም። ድንኳኑ ሲወጣ ቦታው ይሰፋልናል፣ ግን ሰፈር ሐዘን ተቀምጦ ማን ከበሮ ይመታል? ድንኳኑ እስኪመለስ እንጠብቃለን። አንዳንድ ወር ከጨፈርንበት ቀን ይልቅ ለቅሶ የደረስንበት ይበዛል። ሁሉንም ለምጄዋለሁ። አንዷን ክዳን የሌላት ድስት ወንዶቹ ይዘዋታል፤ እሁድ እሁድ ሲገቡ ስልካቸውን እየጣሉባት ነው የሚያልፉት። ሲዘሉ ከኪሳቸው እየወደቀ እንዳይሰበር ነው እያልኩ፣ ጠይቄያቸው እንኳን አላውቅም።

አዳራሹ መስታወት የለውም። መስታወት በሌለበት ቤት ደግሞ ውዝዋዜ የሚሰጠው በአንድ መንገድ ነው። አስተማሪው ለተማሪዎቹ ጀርባውን ሰጥቶ ከፊት ይቆማል፣ እነሱ ከኋላው ተሰልፈው እሱ ያደረገውን ያደርጋሉ። የእሱ ቀኝ የእነሱም ቀኝ ነው። ቀኝ፣ ግራ እያልን በአፍ አንጠራም፤ ዓይን ያያል፣ ትከሻ ይከተላል። እኔም እንደዚሁ ነው የተማርኩት። ያስተማሩኝ ሰው ወንድ ነበሩ። ዛሬ ፊታቸውን አስታውሺ ብባል እቸገራለሁ፣ ማጅራታቸውን ግን የትም ባየው አውቀዋለሁ።

እኔም ስጀምር እንደ እሳቸው ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ሴቶቹን ቅዳሜ፣ ወንዶቹን እሁድ። ለየብቻ ያደረግኳቸው ወላጆች ስለፈለጉ ነው። ሰፊ ሱሪ እለብሳለሁ፣ ከላዩ ነጠላ አስራለሁ። አምስት ዓመት እንደዚህ አለፈ። አንድ እሁድ ግን ከወንዶቹ አንዱ ከኋላዬ በስልኩ ቀረጸኝ። እኔ አላየሁም፤ ጀርባዬን ሰጥቼ ምኑን አያለሁ? ቪዲዮውን ያየሁት ሰፈሩን ዞሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ከወገቤ በታች ብቻ ነው ያለው። ጭንቅላቴ እንኳን የለበትም። ድምፄ ግን አለ። «ጎበዝ፣ እንደሱ፣ አሁን ድገሙት» እላለሁ፣ ከኋላ የሆነ ሰው ሳቁን ያፍናል።

ሴት ልጄ ያኔ አምስተኛ ክፍል ነበረች። ትምህርት ቤት አሳይተዋታል። ቤት ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆማ አየችኝና «እማ፣ ነጠላ ለምን አላሰርሽም?» አለችኝ።

አስሬ ነበር እኮ፤ ስጨፍር ወደ ጎን ዞሮ ነው እንጂ። አስሬ እንደነበር ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፎብኛል፣ ዘመድ ቀብሬያለሁ፣ ታምሜ ተኝቻለሁ። እንደዚያን ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ያፈርኩት ሰፈሩን አልነበረም፤ እሷን ነው።

በሚቀጥለው እሁድ ዐሥራ ሰባቱም ወንዶች መጡ። ሁሉም ጨዋ፣ ሁሉም አንገቱን የደፋ። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ልጠይቅ ብዬ ነበር፤ ብጠይቅ ግን ያ ነገር እዚያ አዳራሽ ውስጥ በእኔ አፍ ሊነገር ነው። አልሆነልኝም። ዝም ብዬ ፊቴን ወደ እነሱ አዞርኩና «ከዛሬ ጀምሮ እንደዚህ ነው» አልኳቸው። ለምን ያለኝ የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘጠኝ ዓመት ለወንድ ተማሪ ጀርባዬን ሰጥቼ አላውቅም ነበር። ሴቶቹን ቅዳሜ እንደ ድሮው አስተምራለሁ። እሁድ ግን ውሃ ልጠጣ ስሄድ እንኳን ግድግዳውን ታክኬ ነበር። ይሄ መላ መስሎኝ ነበር። ትምህርቱም አልተበላሸም። ወንዶቹ ሁሉ እኩል ይነሳሉ፣ እኩል ይወርዳሉ፣ ደስ ይላሉ።

ብሎኬት የሚሠራው ልጅ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ያኔ ዐሥራ ስምንት ዓመቱ ነበር፣ አሁን ሃያ አራት ሞልቶታል። የሚሠራበት የብሎኬት ማምረቻ ዓለም ባንክ ነው። እሁድ ከምሳ በኋላ ታጥቦ ሲመጣ እንኳን ፀጉሩ ሥር ሲሚንቶ አይጠፋም። እጁ ስለሚሰነጣጠቅ ቫዝሊን ይቀባዋል፣ ከበሮውን ሲይዝልን ቅባቱ ቆዳው ላይ ይቀራል። ይስላል ደግሞ። ሐኪም ቤት ሄዶ ደረቱን ታይቶ ከአቧራ ራቅ ተብሏል። ራቅ ማለት ምን ችግር አለው፤ ወዴት እንደሚራቅ የነገረው ግን የለም። ከበሮው ሲጀምር ያ ሁሉ ሳል የት እንደሚገባ እንጃ። ትከሻው እንዲህ ነው ብዬ አልገልጸውም፣ አይሆንልኝም። እስካሁን ካስተማርሻቸው አንድ ምረጪ ብባል ግን እሱን ነው። ይሄንን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም። እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የባህል ቡድን ገብቶ በውዝዋዜ መኖር፣ ብሎኬቱን መተው። በየዓመቱ ሳሉ እየባሰ ሲሄድ እኔም ሌላ የምመኝለት ጠፋኝ።

ድሮ አብሮኝ መድረክ ላይ የነበረ ሰው አለ። አሁን የራሱ ቡድን አለው፣ አስኮ መንገድ ላይ ቤት ተከራይቶ ቀን ቀን ያለማምዳል። ዘንድሮ አንድ ወንድ ተወዛዋዥ ሌላ ቡድን ሄዶበት ቦታ እንደተከፈተ ስሰማ ደወልኩለት። «አንድ ልጅ አለኝ፣ እየው» አልኩት። «ያንቺ ከሆነማ አምጪው» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ይዤው ሄድኩ። ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ፣ የሚጨፍርበትን ጫማ በፌስታል ይዞ መጣ። ከሥራ ያስፈቀደው ሐኪም ቤት ነው ብሎ ነው። እኔ በሩ አጠገብ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፣ ከፊቱ ደግሞ ከቡድኑ አንዲት ልጅ ወደ እሱ ዞራ ቆመች። ከበሮው ጀመረ። እሷ ወደ ቀኟ መጣች፣ እሱ ወደ ግራው ሄደ፣ ደረት ለደረት ተላተሙ። ይቅርታ ተባብለው ሳቁና ደገሙት። አሁንም ተላተሙ። በሦስተኛው ልጅቷ አገጯን ያዘች፣ መሳቋንም ተወች።

መድረክ ላይ ሁሉም ከቀኝ ነው የሚጀምረው። ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው ወደ ገዛ ቀኛቸው ከሄዱ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። አንዱ ወደ ግራው ከሄደ ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚደርሱት። ይሄንን እዚያ ቤት ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ከእኔ ተማሪ በስተቀር።

ያኔ ገባኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄንን ልጅ ሲጨፍር ከፊቱ እንጂ ከኋላው አይቼው አላውቅም። ፊት ለፊት ቆመን የእኔ ቀኝ ትከሻ ሲነሳ የእሱ ግራ ይነሳል፣ ሁለቱም በአንድ ወገን ነው፣ ለዓይኔ ልክ ነው። አሁን ከጀርባው ተቀምጬ ሳየው ከግራ ጀመረ፣ ከግራ ዞረ፣ ሁሉ ነገሩ ከግራ። የእሱ ብቻ እንዳልሆነም ወዲያው ታወቀኝ። ዘጠኝ ዓመት እሁድ እሁድ ያስተማርኳቸው ወንዶች በሙሉ ከግራ ነው የሚጀምሩት። እርስ በርሳቸው አንድ ስለሆኑ አልተጋጩም። ከሴቶቹ ጋር በአንድ ቀን አስተምሬያቸው አላውቅም። ሰርግ ላይ ቢጋጩም፣ ሰርግ ላይ ማን ከማን አይጋጭም?

ጓደኛዬ ከበሮውን አስቆመና ወደ እኔ መጥቶ ጎንበስ አለ። «ልጁ ጎበዝ ነው። ግን ከሴት መማሩ ያስታውቃል» አለኝ።

«ምኑ ላይ?»

«እንጃ፣ አንገቱ ላይ መሰለኝ። የሆነ ልስላሴ አለው።»

የልጁ አንገት ላይ ምንም ልስላሴ የለም። መልስ መስጠት የሰለቸኝ ሴት፣ ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ። «አንገቱን ተወው፣ አንገቱ ምንም አልሆነም» አልኩት።

«ታዲያ ምኑ ነው?»

ምን ልበለው? ከሴት መማሩ ነው ልበለው? ወንድ ቢያስተምረው ኖሮ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ፣ ማንም ስልክ ሳያወጣ፣ ልጁም ከቀኝ ጀምሮ ይሄኔ አልፎ ነበር። ሰውየው ራሱ በማያውቀው ምክንያት ልክ ሆኖብኛል፤ እኔ ደግሞ ልክ ነህ ልለው ነው? ሞቼ ነው። «ሁለት ሳምንት ስጠኝ፣ አስተካክዬ አመጣዋለሁ» አልኩት። ፊቴን አየት አድርጎ እሺ አለ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ሌላ ሰው እንደሚያይ ነገረኝ።

ታክሲ ውስጥ ልጁ ጫማውን በፌስታል ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያይ ቆየ። ማዞሪያው ጋ ልንወርድ ስንል «ቲቸር፣ አሳፈርኩዎት» አለኝ። አሳፈርኩዎት! እኔ አጣምሜ ሰድጄው እሱ ይቅርታ ይለኛል። ሂሳቡን ከፍዬ ወረድኩ።

ቤት ገብቼ ከልጄ ጋር ድንች እየላጥን ነገርኳት። አሁን ሃያ ዓመቷ ነው፣ ኮሌጅ ትማራለች። ሰምታ ስትጨርስ «እና ዞረሽ አስተምሪዋ» አለችኝ።

«ለአፍ ቀላል ነው።»

«እማ፣ ያ ነገር እኮ አለፈ።»

«ላንቺ አልፏል።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ለእኔም አላለፈም» አለች። ቆይታ «እኔ መጥቼ ከኋላ እቀመጣለሁ» አለችኝ። እንደ ልጅ አቅፌ ልስማት ፈልጌ ነበር፤ እጄ ላይ ድንች ነበር፣ ደግሞም ደክሞኝ ነበር፣ ሳልስማት ቀረሁ። አሁን ድረስ ይቆጨኛል።

ከማግስቱ ጀምሮ ልጁ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ አዳራሹ ይመጣ ጀመር። ልጄም እንዳለችው ከኋላ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ደብተሯን ይዛ ተቀመጠች። እኔ ግን ወዲያው አልዞርኩም። መጀመሪያ እንደ ለመድኩት ፊት ለፊት ቆሜ ራሴ ከግራ ልጀምርለት ሞከርኩ፤ እኔ ከግራ ከጀመርኩ እሱ ከቀኝ ይጀምራል ብዬ። ገላዬ እምቢ አለ። ሠላሳ ዓመት የለመደ ትከሻ ከበሮ ሲሰማ አይታዘዝም፣ ግማሽ ግማሹን ከግራ ሄጄ በመሀል ወደ ቀኝ እመለሳለሁ፣ ልጁም ግራ ገብቶት ይቆማል። ሁለት ቀን በዚህ ባከነ። ቀጥሎ ጎን ለጎን ቆምን። ያኔ ደግሞ እኔን ለማየት አንገቱን ወደ ጎን ያዞራል፣ አንገቱ ከዞረ ውዝዋዜው የለም። ሦስተኛም አራተኛም ቀን አለፈ። ልጁ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲያነሳ ውሎ መጥቶ፣ እኔ መዞር ስላቃተኝ ይደክማል። አውቀዋለሁ። እያወቅሁ ነው የማደርገው።

በአምስተኛው ቀን እየመታ የሚጨፍርበትን ከበሮ ከአንገቱ አውልቆ አስቀመጠና «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት? እንዳይቀየሙኝ» አለኝ።

«ተናገር።»

«ቀኙን አውቀዋለሁ።»

«እንዴት ታውቀዋለህ?»

«ስልክ ላይ ሌሎቹ ሲጨፍሩ አያለሁ፣ ሁሉም ከቀኝ ነው የሚጀምሩት። ካወቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ቤት ብቻዬን ስለማመድ ይመጣልኛል። ሰኞም በቀኝ ልጀምር ብዬ ነበር የሄድኩት። ግን ከበሮው ሲመታ እርስዎ ከፊቴ ቆመው ይታዩኛል፣ ትከሻዬ ራሱ ይሄዳል።»

ተናደድኩ። «ሁለት ዓመት አውቀህ ለምን አልነገርከኝም?»

«እንዴት ብዬ ልንገርዎት? ጀርባዎትን ይስጡን ልበል?» አለና ወለሉን አየ። «ለምን ወደ እኛ እንደዞሩ እናውቃለን፣ ቲቸር። እኔ ስመጣ የነገሩኝ ትልልቆቹ ናቸው። እኔም ለአዲሶቹ ነግሬያለሁ። ስልክ ድስቷ ውስጥ ሳይጥል የሚገባ የለም።»

ድስቷን አየኋት። በሩ አጠገብ፣ ክዳን የሌላት፣ ውስጧ የእሱ ስልክ ብቻ ነበር። ብቻውን መጥቶ እንኳን ጥሎታል። ዘጠኝ ዓመት እንዳይሰበርባቸው ነው እያልኩ ያለፍኳት ድስት። ልጄ ድንኳኑ ላይ ሆና ደብተሯ ውስጥ አንገቷን ቀበረች፤ እያለቀሰች እንደሆነ ትከሻዋ ነገረኝ። እኔም ሆድ ባሰኝ። ደስታ ነው ወይ ንዴት ነው ብትሉኝ ለይቼ መናገር አልችልም። አንዱ ያደረገውን ስንቱ ሲሸከምልኝ ኖሯል፣ እኔ ሁሉንም አንድ ላይ አድርጌ ፊቴን አዙሬባቸዋለሁ። ያን አንዱንም ረገምኩት፤ የት እንዳለ አላውቅም፣ ምናልባት አሁን የልጆች አባት ነው፣ የዚህን ልጅ ትከሻ ያጣመመው እሱ ነው። እሱ ብቻም አይደለም፣ እኔም ነኝ።

«በል ከበሮውን አንሳ» አልኩትና ዞርኩ።

ምንም አልሆነም። የሆነ ነገር የሚሆን መስሎኝ ነበር፣ ማጅራቴ ላይ ብርድ የመሰለ ነገር ተሰምቶኝ ነበር፣ ከዚያ ከበሮውን ሰማሁ፣ ትንፋሹን፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሳሉን። ግድግዳውን እያየሁ ከቀኝ ጀመርኩ። ጉልበቴ እያመመኝ ቀጠልኩ። ዞሬ ሳየው ከቀኝ ነበር። ልጄ ከኋላ አውራ ጣቷን አወጣችልኝ። በቀሩት ቀናት ፊቴን ያየው ሲገባና ሲወጣ ብቻ ነው። ከበሮ ሲመታ የሚታየው ፊቴ ከሆነ ከዓይኑ ልጠፋለት ይገባል ብዬ ነው።

ሁለተኛው ሳምንት እንዳለቀ ተመልሰን አስኮ ሄድን። ያቺው ልጅ ከፊቱ ቆመች፣ አገጯን አስቀድማ ሸፈን አድርጋ። ከበሮው ጀመረ። ወደ ቀኟ መጣች፣ ወደ ቀኙ ሄደ፣ ተላለፉ። እጇን ከአገጯ አወረደች። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያስተምረዋል፤ ልጁ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አስደመመ፣ ከበሮ መቺው እንኳን ይስቅ ነበር። ጓደኛዬ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «አየሽ፣ አሁን ወንድ ያስተማረው መሰለ» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። መከራከር ሰልችቶኛል ብያለሁ እኮ። ልጁ ቦታውን አግኝቷል፣ ሌላው ይቅር። ግን ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ እንባዬ መጣ። ጨርሶ ጎበዝ ሆኗል፣ ሰው አይሰናከልበትም፣ የትኛውም መድረክ ላይ ይቆማል። ከእኔ ብቻ የወሰደው አንድ ነገር ነበረው፣ እሱንም በገዛ እጄ አስተውኩት። ወንድ ብሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ለጠየቀኝ ሁሉ ዐሥራ አራት ዓመት የአስተማሪው ሴት መሆን ለውጥ የለውም ስል ነበር። አለው። እነሱ በሚሉት በኩል ግን አይደለም፤ ይሄንን ለማስረዳት ደግሞ ጉልበቱ የለኝም።

አሁን እሁድም ጀርባዬን ሰጥቼ ነው የማስተምረው። ስልኮቹ ድስቷ ውስጥ ይገባሉ፣ እኔም ለምን እንደሆነ የማላውቅ እመስላለሁ። አዲሶቹ ከቀኝ ይጀምራሉ። ዘጠኝ ዓመት ያስተማርኳቸውን ግን የት ብዬ ልሰብስባቸው? አግብተዋል፣ ሹፌር ሆነዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል፣ ኮልፌን ሞልተዋታል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ አግብቶ ዓለም ባንክ ሰርጉ ላይ ጠራኝ። ከሰዓት ነው፣ ድንኳኑ ይሞቃል፣ እኔ ዳር ላይ ፕላስቲክ ወንበር ይዤ የታመመ እግሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ወንዶቹ ሁለት መስመር ሠርተው ፊት ለፊት ቆሙ። አንድ በአንድ አየኋቸው፣ ሁሉም የእኔ ናቸው። ከበሮው ሲመታ ሁሉም ወደ ግራቸው ሄዱ፣ ተላለፉ፣ አንዱ የሌላውን እጅጌ እንኳን አልነካም። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ግን አፈርኩ፤ ስህተቴ ተሰልፎ ሲጨፍር ቁጭ ብዬ ማየት ነው እንግዲህ።

ያ የብሎኬቱ ልጅ ዘግይቶ መጣ። ጥሩ ጃኬት ለብሷል፣ ሲጨብጠኝ እጁ ለስልሶ አገኘሁት፣ ወፈር ብሏል፣ ሲስልም አልሰማሁትም። ከቡድኑ ጋር ከጀመረ ወራት እንዳለፉት ነገረኝ። ጓደኞቹ ጎትተው መስመሩ ውስጥ አስገቡት። ከበሮው ተጀመረ፣ እሱ ወደ ቀኙ ሄደና ከሙሽራው ጋር ደረት ለደረት ተላተመ። ሰዉ ሁሉ ሳቀበት። «ምን ሆንክ አንተ፣ እዚያ ሄደህ መጨፈር ረሳህ እንዴ?» አለው አንዱ።

እሱም ሳቀ። ዘወር ብሎ እኔ ወዳለሁበት አየ። ፊቴን ላዞር ፈልጌ ነበር፣ አላዞርኩም። መልሶ ቦታው ላይ ቆመ፣ ከበሮ መቺው አንዴ ጠብቆት መታ፣ ልጁም ከግራ ጀመረ። ማንም ከማንም አልተጋጨም።